ካሴት የሚበላ የመኪና ቴፕ እንዴት ይድናል?

አምባሰል የተራራም፣ የወረዳም፣ የዜማ ቅኝትም ስም ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ሆኖ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን አንዱ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ይሁን እንጂ ከሐይቅና ከአምባሰል አካባቢ የመጣን ሠልጣኞች ስንወያይ አንድ ጥያቄ ተነሣ። በወላጆቻችን ሠርግ ላይ የተዘፈነው፣ በመንዙማ ሌሊት የተዜመው፣ አዝማሪ በማሲንቆ የተጫወተው የድሮ ድምፅ ዛሬ የት ነው ያለው? መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ብዙው በካሴት ላይ ነው። ካሴቱ በሣጥን ተቀምጧል፤ ማጫወቻው ግን የለም። በየቤቱ የነበረው ቴፕ ሪኮርደር ተሰባብሮ ከተጣለ ቆይቷል። በአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ የተተከለው ቴፕ ግን እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይገኛል።

ታዲያ «እንግዲያው ካሴቱን መኪናው ውስጥ ከትቶ መስማት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ለዓመታት ሳይጸዳና ሳይታይ የቆየ ቴፕ ካሴት ይበላል። የሠርግ ካሴት ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ የለውም፤ አንዴ ከተበላ አለቀ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመኪና ቴፕ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚበላሽ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠገን ለመግለጽ እንሞክራለን። ዋናው አሳባችንም ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቴፑ ይጠገን፤ የቤተሰቡ ካሴት ከዚያ በኋላ ይግባ።

ካሴት ከየት መጣ?

ዛሬ ካሴት የምንለውን ትንሽ ሣጥን የሠራው ፊሊፕስ ኩባንያ ሲሆን ሥራውን የመራው ሉ ኦተንስ የተባለ የኔዘርላንድ መሐንዲስ ነበር። ለሕዝብ የታየውም በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በ1963) በርሊን በተደረገ የሬዲዮ ትርኢት ላይ ነው። ወደ መኪና ቀድሞ የገባው ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1965 ለ1966 ሞዴል መኪናዎቹ ስምንት ትራክ የሚባለውን ትልቅ ካሴት የሚያጫውት መሣሪያ አቀረበ። ትንሹን ካሴት የሚያጫውት የመኪና ቴፕ ፊሊፕስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ በኋላ ትንሹ ካሴት ትልቁን አሸንፎ ለብዙ ዓመታት የመንገድ ጓደኛ ሆነ። በአሜሪካ ገበያ ከፋብሪካ ካሴት ማጫወቻ ተገጥሞላቸው ከወጡት አዳዲስ መኪናዎች የመጨረሻው እ.ኤ.አ. የ2010 ሞዴል ሌክሰስ እንደነበረ ተጽፏል።

በአገራችን ከካሴት በፊት የነበረው ሸክላ ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1969) አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ዘመናዊ ሙዚቃችንን በሸክላ አሳተመ፤ አሊ አብደላ ኬፋም በካይፋ ሪከርድስ ስም ብዙ ሸክላዎችን አወጣ። ወደ 1970 ዓ.ም. ግድም ሸክላ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በኪስ ይያዛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው በቤቱ ሊቀዳበት ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንበል። ከድሮዎቹ ሸክላዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እንደገና ታትመው ዓለም ሰምቷቸዋል። በአንድ ቤት ሠርግ ላይ የተቀዳውን ካሴት ግን ማን ያትመዋል? ማንም። ከባለቤቱ በቀር ጠባቂ የለውም። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ባለፈ ጊዜ የብዙ ሰው የቤት ንብረት ጠፍቷል። የተረፈውን መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ቴፑ እንዴት ይሠራል?

የካሴት ክር 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው። በአንድ ፊቱ መግነጢስ የሚይዝ ዱቄት፣ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ኦክሳይድ፣ ተለብጧል። ድምፁ የተጻፈው በዚህ ዱቄት ላይ ነው። የሚያነበው ክፍል ደግሞ ሄድ ይባላል። ሄድ በብረት እምብርት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ሲሆን በፊቱ ላይ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክፍተት አለው። መግነጢስ የያዘው ክር በክፍተቱ ፊት ሲያልፍ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ሕግ ነው፤ በፊዚክስ ክፍል በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የምናሳየው ያው ነው። ትንሹ ኤሌክትሪክ በአምፕሊፋየር ጎልብቶ ወደ ስፒከር ይሄዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር እንግለጽ። ክሩን በሄዱ ፊት የሚስበው የሚሽከረከረው ጥቅልል ይመስላል፤ አይደለም። የሚስበው አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ ካፕስታን ይሉታል። አንዲት የጎማ ሮለር ክሩን ዘንጉ ላይ ትጫነዋለች፤ ዘንጉ ሲዞር ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ዘንጉ ሥር ከባድ መንኮራኩር አለ፤ መካኒኮች ቮላኖ ይሉታል። ክብደቱ ፍጥነቱ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል። ሞተሩ ቮላኖውን የሚያዞረው በቀጭን የጎማ ቺንጋ ነው። የተቀባዩ ጥቅልል ሥራ ያለፈውን ክር መሰብሰብ ብቻ ነው።

ይህን ካወቅን ቴፕ ካሴት የሚበላበት ምክንያት ወለል ብሎ ይታያል። ዘንጉ ክሩን ይገፋል፤ ተቀባዩ ጥቅልል ግን ደክሞ ወይም ቆሞ አይሰበስብም። የተገፋው ክር መሄጃ ሲያጣ ይከመራል፤ ከዚያ በሮለሯ ላይ ይጠመጠማል። ሮለሯ በአሮጌ የክር ዱቄት ተጣብቃ የምትይዝ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል። ጥፋቱ ከሦስት ነገሮች ከአንዱ ይመጣል፦ ከሮለሯ ቆሻሻ፣ ከቺንጋና ከተቀባዩ ጥቅልል ድካም፣ ወይም ራሱ ካሴቱ ውስጡ ከመድረቁ። በአቧራማ መንገድ የሚመላለስና ቀኑን በፀሐይ የሚውል መኪና ሦስቱንም ያፋጥናቸዋል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ቴፑን ከመኪናው አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ መመርመር። ከመንቀል በፊት ሽቦዎቹን በወረቀት ላይ መሣል ያስፈልጋል። በብዙ የጃፓን ቴፖች ጥቁሩ ሽቦ ማሳ ነው፤ ቀዩ ከቁልፍ በኋላ የሚመጣ ኃይል ነው፤ ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ነገር ግን የድሮ ቴፕ ሁሉ ይህን አይከተልም፤ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ቀጥሎት ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ምንም አይነግረንም። ስለዚህ በመለኪያ ማረጋገጥ ነው። ለሙከራ 12 ቮልት ባትሪ፣ ትንሽ ፊውዝና ደኅና ስፒከር ይበቃሉ። ፊውዙን ትቶ በቀጥታ መቀጠል ለቴፑም ለጠጋኙም አደጋ ነው።

ሁለተኛ፣ ማጽዳት። ከፋርማሲ የሚገዛ ንጹሕ አልኮል በጥጥ ነክሮ የሄዱን ፊት፣ ዘንጉንና ሮለሯን ማበስ ነው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገማል። ለጎማዋ ሮለር አልኮሉ አነስ ይበል፤ ወዲያው በደረቅ ጥጥ ትታበስ። «አልኮል ከጠፋ አረቄስ?» ለሚል መልሳችን አይሆንም ነው። አረቄ ውስጥ ውኃ አለ። ሽቶም ዘይት ይተዋል። ቤንዚንና ናፍጣ ደግሞ ጎማውን ያሳብጣሉ። ሄዱን በካቻቢቴ ጫፍ መፋቅማ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ አንድ ጭረት እስከ መጨረሻው ክር ሲልግ ይኖራል። ከጽዳት በኋላ የሄዱን ፊት በጥፍር ቀስ ብሎ ዳሰስ ማድረግ ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጎድጓዳ ካለ ሄዱ አልቋል፤ መለወጥ አለበት።

ሦስተኛ፣ ቺንጋውን መለወጥ። የድሮ ቺንጋ ወይ ይላላል፣ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ደግሞ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። የቀለጠውን በአልኮልና በጥጥ ከየመዘውሩ ጠርጎ ማውጣት ነው፤ በልብስ ላይ ከነካ አይለቅም። አዲሱን ለመምረጥ ክር በመዘውሮቹ ዙሪያ አዙሮ መለካት ነው። ቺንጋ ትንሽ ተወጥሮ መሥራት ስላለበት ከተለካው ጥቂት ያነሰ ይመረጣል። በጣም የጠበቀ ከሆነ ግን ሞተሩን ያደክማል። የገንዘብ ላስቲክ ለአንድ ቀን ሊያዞር ይችል ይሆናል፤ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ግን ድምፁን ያስለቅሰዋል።

አራተኛ፣ ዘይት። ዘይት በዘንጉ መቀመጫ ላይ አንዲት ጠብታ ብቻ፣ እሷም የልብስ ስፌት መኪና ዘይት። ከዚያ በላይ የፈሰሰው ቺንጋውና ሮለሯ ላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ጎማው ይንሸራተታል፤ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አምስተኛ፣ የኤሌክትሪኩ ክፍል። የድምፅ መጠን ማዞሪያው ሲነካ ቢንጫጫ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ አቧራ አለ። ሞተሩ ሲነሣ ብቻ የሚመጣ ጩኸት ካለ መጀመሪያ የሚፈተሸው ማሳው ነው፤ ቀለም ወይም ዝገት ላይ የታሰረ ማሳ አይሆንም፤ ንጹሕ ብረት መንካት አለበት። ካፓሲተሮቹ ከዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ ወይም ያፈሳሉ። ሲለወጡ ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ ያው ወይም የበለጠ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩም ሳይገለባበጥ መሆን አለበት።

ስድስተኛ፣ ሙከራ። ለሙከራ የሚገባው ማንም የማይጸጸትበት ካሴት ነው። ሁለቱንም ገጽ ሙሉውን አጫውቶ፣ ወደፊትና ወደኋላ አስጠምጥሞ፣ አውጥቶ ክሩን ማየት ነው። ጠርዙ ካልታጠፈና ካልተጨማደደ ቴፑ ድኗል ማለት ይቻላል።

ስለ ከባድ መኪናና አውቶቡስ

በመንገዳችን ከሚመላለሱት የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ብዙዎቹ በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለት 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረዋል። ቴፑ ግን ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው። በቀጥታ 24 ቢገባበት ይቃጠላል። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ሰዎች ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ይስባሉ። ሲታይ ብልኅነት ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ባትሪ ይገድላል። አንደኛው ባትሪ ሲጎድል ሌላው ሙሉ ነው፤ ቻርጁ ግን ለሁለቱም እኩል ያልፋል፤ የጎደለው ሳይሞላ ይኖራል፣ የሞላው ከመጠን በላይ ይቀቀላል። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ መሐል ማስገባት ነው። «ጋሼ፣ ቴፑ ከየትኛው ባትሪ ነው የሚስበው?» ብሎ ሾፌሩን መጠየቅ የባትሪ ዋጋ ያድናል።

ፍጥነትና የአምባሰል ቅኝት

እዚህ ላይ ጥገናው ከዜማው ጋር ይገናኛል። የአምባሰልን ቅኝት ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል። ከዶ ወደ ሬ ፍላት ያለው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። በቁጥር ሲገለጽ የድምፁ ንዝረት 6 ከመቶ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። አምባሰልን አምባሰል ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ ይህ ጠባብ እርምጃ ነው።

ቴፑ ሁልጊዜ እኩል 6 ከመቶ ቢፈጥን ዜማው በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል፣ ጨዋታውም ይቸኩላል፤ ቅኝቱ ግን አይፈርስም፤ ሁሉም አብሮ ነው የወጣው። ቺንጋው ልል ሆኖ ፍጥነቱ አንዴ 3 ከመቶ ከፍ፣ አንዴ 3 ከመቶ ዝቅ ቢልስ? ያን ጊዜ ልዩነቱ ራሱ ግማሽ ድምፅ ያህላል። ዶው ወደ ሬ ፍላት ይጠጋል፣ ሬ ፍላቱም ወደ ዶ ይወርዳል። ከእንዲህ ያለ ቴፕ አምባሰልን የሚማር ልጅ አምባሰልን አልተማረም፤ የተማረው የቺንጋውን በሽታ ነው።

ታዲያ ፍጥነቱ በምን ይለካል? ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሜትርና ሰዓት ይበቃሉ። ከማይፈለግ ካሴት ላይ ድምፅ ያለማቋረጥ የተቀዳበትን 4 ሜትር ከ76 ሴንቲ ሜትር ክር ለክቶ መቁረጥና ምንም ባልተቀዳበት ካሴት መሐል መቀጠል ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ድምፁ መሰማት ያለበት ልክ 100 ሴኮንድ ነው። በ97 ሴኮንድ ካለቀ ቴፑ 3 ከመቶ ያህል ፈጥኗል፤ 103 ከወሰደ ዘግይቷል። ብዙ የቴፕ ሞተሮች በጀርባቸው ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ውስጡ ያለችውን ማስተካከያ በቀጭን ካቻቢቴ በጣም ጥቂት ጥቂት እያዞሩ እንደገና መለካት ነው። መዋዠቁን ግን ይህ አያድነውም፤ እሱን የሚያድነው ቺንጋና ጽዳት ነው። መዋዠቅን ለመለየት ረጅም የኦርጋን ድምፅ ቀድቶ ማዳመጥ ጥሩ ነው፤ ከተንቀጠቀጠ ቴፑ ገና አልዳነም።

ድምፁ ታፍኖ «ስ» እና «ሽ» የማይለዩ ከሆነ ደግሞ ሄዱ ተጣሞ ይሆናል። በሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያላት አንዲት ብሎን አለች። የነበረችበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጎ በጥቂቱ እያዞሩ ድምፁ የሚጠራበትን ቦታ መፈለግ ነው። አንድ ካሴት ብቻ ከታፈነ ግን ጥፋቱ ቀድሞ ከቀዳው ቴፕ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ካሴት ብቻ አስተካክሎ ኋላ ወደ ምልክቱ መመለስ ነው።

ካሴቱንም እንይ

ቴፑ ከዳነ በኋላ የቤተሰቡ ካሴት ተራ ይደርሳል። በመጀመሪያ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች መስበር ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስሕተት አይቀዳበትም። ቀጥሎ በቢክ እስክሪብቶ ጥቅልሉን ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ከከበደ ቴፕ ውስጥ አይግባ፤ ክሩ ወደ ሌላ ደኅና ሣጥን ይዛወር። በካሴቱ አፍ በኩል ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫን ትንሽ ጨርቅ አለች፤ ከወደቀች ድምፁ ይደክማልና ከሌላ ካሴት አምጥቶ መተካት ነው። ክሩ ከተበጠሰ ለክር መቀጠያ በተሠራው ፕላስተር ይቀጠል። የተራ ፕላስተር ሙጫ ውሎ አድሮ ይወጣና አጎራባቹን ክር ያጣብቃል። 120 ደቂቃ የሚል ካሴት ክሩ በጣም ስስ ስለሆነ ለመኪና ቴፕ አይመከርም። በመጨረሻም ካሴትን በዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እያየው ማሳደር፣ በስፒከር ማግኔት አጠገብም ማስቀመጥ መተው አለበት።

ካሴቱ መጫወት ሲችል ያኔውኑ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ያስፈልጋል። የስፒከር መስመር ግን በቀጥታ ወደ ስልክ አይገባም፤ ኃይሉ በዝቶ ስልኩን ይጎዳል። ቴፑ የተለየ የድምፅ መውጫ ካለው ከዚያ ነው የሚወሰደው፤ ከሌለው ኃይሉን የሚቀንስ መሣሪያ መሐል ይግባ። የተቀዳው ፋይል ላይ የዘፋኙ ስም፣ ቦታውና ዓመቱ ካልተጻፈ ነገ ማንም አያውቀውም። ባለቤቶቹ በሕይወት እያሉ ጠይቆ መጻፍ ነው። ከአንድ በላይ ቅጂ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥም አይዘንጋ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ የተሟላ ቤተ ሙከራ ላይጠብቀን ይችላል። አንድ የተጣለ የመኪና ቴፕ ግን ማግኔትን፣ ኤሌክትሪክን፣ ፍጥነትን፣ መቶኛን፣ የሙዚቃ ቅኝትንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስተምራል። የ100 ሴኮንዱ ሙከራ ለሒሳብ ክፍል ይሆናል፤ ሄዱ ለፊዚክስ፤ ከካሴቱ የሚወጣው ግጥም ለአማርኛ። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ካሴት ይዘው ቢመጡ ደግሞ አካባቢው ራሱ መጽሐፍ ይሆናል። ያን ጊዜ አደራው ከባድ ነው፤ እናት ሣጥኗን ከፍታ ያወጣችውን ካሴት በቆሸሸ ቴፕ አስበልቶ «ተበላ» ብሎ መመለስ አይቻልም።

ስለዚህ የሄዱን ቆሻሻ በጥጥ፣ የላላውን ቺንጋ በአዲስ፣ ፍጥነቱን በሜትርና በሰዓት እናስተካክል። አምባሰልን ለሚቀጥለው ትውልድ የምናደርሰው ቀጥ ብሎ በሚዞር ዘንግ ላይ ይሁን እንላለን።